ለማን? መቼ? በምን ልክ?
በጅቡቲ ስለምንጠቁማቸው መሸጫዎች፣ የመዝናኛ ቦታዎችና የቤት መጠጦች



በየዓመቱ አዳዲስ ቤተሰቦች ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ ይመጣሉ። እንደመጡ የሚጠይቁት ጥያቄም ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ጥሩ እንጀራ ከየት ይገኛል? ዓርብ ቀን ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው? በዚህ ሙቀት ምን እናጠጣቸው?» ይላሉ። መልሱን የሚያገኙት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን ከጎረቤት፣ ከልጃቸው የክፍል ጓደኛ ወላጅ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ካገኙት የአገር ሰው ነው። በስደት አገር የመጀመሪያው ሀብት የሰው ጥቆማ ነው።

እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች፣ ተማሪዎችም መምህራንም ሆነን፣ በየቤታችን የሚነገሩትን ጥቆማዎች ሰብስበን እዚህ አቅርበናል። ስንሰበስብ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ታየን። ጥቆማ መልካም የሚሆነው የተጠቆመው ነገር መልካም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ለማን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚሆንና በምን ልክ እንደሚሆን አብሮ ሲነገር ነው። «አሳል ሐይቅን ሳታዩ እንዳትሄዱ» ማለት በጥር ወር ደግ ምክር ነው። በሐምሌ ወር ሕፃን ለታቀፈች እናት ከተነገረ ግን አደጋ ነው። «ቀሪቦ ሁለት ቀን ይቆይ» የሚለው ምክር ደብረ ብርሃን ላይ ያስኬዳል፤ ጅቡቲ ላይ ግን መጠጡን ያኮመጥጠዋል፣ የተከደነውንም ጠርሙስ ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጠቁመውን ሁሉ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አሳልፈን ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ሙቀቱን ማወቅ

ጅቡቲ ከተማ በባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ቆላ ናት። ዓመቱ በሁለት ይከፈላል ማለት ይቻላል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ አየሩ ደስ ይላል፤ ቀኑ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም፣ ምሽቱም ነፋሻ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ወበቁና ሐሩሩ ይበረታል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በነዚሁ ወራት ካምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራ የያዘ ነፋስ ከምዕራብ በኩል ሲነፍስ፣ ከምድጃ አፍ ላይ የቆምን ይመስለናል።

ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። ላብ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በደረቅ ነፋስ ቀን ላቡ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰው ማላቡን እንኳ ሳያውቅ ብዙ ውሃ ያጣል። በወበቅ ቀን ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥበት የሞላው ስለሆነ ላቡ አይተንም፤ ሰውነቱም አይበርድም። ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሕፃናት፣ አረጋውያንና በፀሐይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ልጅ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ጥላ ውስጥ ማሳረፍ፣ ልብሱን ማላላት፣ እርጥብ ጨርቅ ማድረግና ማራገብ፣ ውሃም በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ይገባል። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ይህን አስቀድመን የጻፍነው፣ በጅቡቲ ስለ ገበያም ሆነ ስለ ሽርሽር የሚሰጥ ምክር ሁሉ ከሙቀቱ ስለሚጀምር ነው።

ከገበያና ከመሸጫዎች

የከተማው ሰዓት። እዚህ ገበያ የሚወጣው በማለዳ ወይም በምሽት ነው። ከቀትር በኋላ ከ7 ሰዓት ገደማ እስከ 10 ሰዓት ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ከተማው ጋደም ይላል። ዓርብ የዕረፍትና የጸሎት ቀን ነው። ለአዲስ መጪ አንድ ነገር እናስታውስ፦ በትኬትና በቀጠሮ ወረቀት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ነው። የጀልባ ትኬት ላይ «9 ሰዓት» ቢል የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት የሚሄድ ሰው ጀልባዋን አያገኛትም።

ብሩንና ፍራንኩን ማመዛዘን። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ስለዚህ የፍራንኩ ዋጋ በዶላር ሲታይ አይናወጥም፤ የሚለዋወጠው ብሩ ነው። ዕቃ ሁሉ ከአገር ቤት ዋጋ ጋር እያነጻጸሩ «ተወደደ!» ማለት አዲስ መጪውን ያደክመዋል። የሚሻለው በዚሁ ከተማ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቆ ማወዳደር ነው።

አትክልትና ፍራፍሬ። በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ያለው ገበያ የከተማው እምብርት ነው። ጅቡቲ የእርሻ መሬቷ ጥቂት ስለሆነ፣ አትክልትና ፍራፍሬው በብዛት ከኢትዮጵያ ይገባል። ይህም ማለት እጃችን የሚደርሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ረጅም መንገድ የመጣ ነው። በማለዳ ሲገዛ ይሻላል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ጎመን ቤት ሳይደርስ ይጠወልጋል። ለአንድ ሳምንት ከመሸመት ይልቅ ለሁለት ቀን ለሁለት ቀን መግዛቱ በመጨረሻ ይረክሳል።

እንጀራ። ከማኅበረሰባችን እናቶች መካከል በቤታቸው ጋግረው የሚሸጡ አሉ። ስማቸውን በመጽሔት ላይ ማውጣት አልፈለግንም፤ በየሰፈሩ ጠይቆ ማግኘት አያስቸግርም። የእንጀራ ጥራት የሚታወቀው ዓይኑ ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ ጀርባው ሲለሰልስ፣ ሲጠቀለል ሳይሰነጠቅ ነው። በዚህ አገር ግን አንድ መለኪያ እንጨምራለን፦ መቼ ተጋገረ? በደጋ ሦስት ቀን የሚቆየው እንጀራ በወበቅ ወራት ከመሶብ ውስጥ ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ የዕለቱን መግዛት፣ ሳይበርድ አለመክደን፣ የተረፈውን በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ወይም በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ነው። ሻጋታ ከታየበትም ያንን ቦታ ብቻ ቆርጦ ሌላውን መብላት አይገባም፤ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ ልክም እንናገራለን። የቤት ጋጋሪ እናት ትርፏ ጠባብ ነው። ለጤፉ፣ ለመብራቱ፣ ለውሃው ቀድማ ከፍላለች። የምንወዳት ከሆነ የምንጠቅማት በሁለት መንገድ ነው፦ ስንት እንጀራ እንደምንፈልግ አንድ ቀን ቀድመን በመንገር፣ ሒሳቧንም ሳናዘገይ በመክፈል። ዱቤ ለተቸገረ ወንድም የተከፈተ በር ነው፤ ላልተቸገረ ልማድ ከሆነ ግን በሩ ለሁሉም ይዘጋል።

ዓሣ። የጅቡቲን ምግብ ከሚያስመሰግኑት አንዱ የየመን ዓሣ ነው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ በርበሬና ቅመም ይቀባል፤ ከዚያም በጥልቅ የሸክላ ምድጃ ውስጥ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። አብሮት የሚቀርበው በዚያው ምድጃ የተጋገረ ስስ ቂጣ ነው። ለልጆች በርበሬው እንዲቀነስ አስቀድሞ መንገር ይቻላል። አጥንቱ ስለሚበዛ ለትናንሾቹ ወላጅ እየለቀመ ያጉርሳቸው። ጥሬ ዓሣ ገዝቶ ቤት የሚሠራ ደግሞ ሦስት ነገር ይይ፦ ዓይኑ ያልፈዘዘ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ፣ ሽታው የባሕር እንጂ የሚከረፋ ያልሆነ። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ማለዳ ነው፤ ወደ ቤት ሲወሰድም በበረዶ መሆን አለበት።

ለዕረፍት ቀን

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ብዙዎቻችን ጅቡቲን የምናውቃት ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነው። አገሪቱ ግን ትንሽ ብትሆንም በዓለም ብርቅ የሆኑ ነገሮች አሏት።

አርታ። ለትናንሽ ልጆች፣ ለአረጋውያንና የግማሽ ቀን ዕረፍት ብቻ ላላቸው። ከከተማው በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አርታ ከባሕር ዳርቻው አራት አምስት ዲግሪ ዝቅ ትላለች። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በነሐሴ ምሽት ግን እንቅልፍ በማግኘትና በማጣት መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። በሞቃት ወራት የምንጠቁመው አንደኛው ቦታ ይህ ነው።

ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች። መዋኘት ለለመዱ ልጆችና ለቤተሰብ። ከወደቡ በጀልባ ይኬዳል። ውሃው የጠራ፣ ሥሩ ኮራል የሆነ ነው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሲረገጥ ይሞታል፣ እግርንም ይቆርጣል። የውሃ ጫማ ማድረግ ለሁለቱም ይበጃል። ከመሳፈር በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ማየት የወላጅ ድርሻ ነው። ሰደርያ የሌላት ጀልባ ምንም ብትረክስ አንጠቁማትም።

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በአርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው፤ ሰውን አይነካም። ሰው ግን እሱን ሊጎዳው ይችላል። መንካት፣ መክበብ፣ በሞተር ጀልባ መከተል አይገባም።

አሳል ሐይቅ። ለትልልቅ ተማሪዎችና ለጤነኛ አዋቂዎች፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ምክንያቱን ማወቅ ለሳይንስ ተማሪ ደስ ይላል፦ ከጉቤት ባሕር የሚሰርገው ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቆች አልፎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ሐሩሩ ውሃውን ያተንነዋል፤ ጨው ግን አይተንምና እዚያው ይከማቻል። አፋሮች ከዚህ ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይወጡ ነበር። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚለውን ተረት በቃል የምናውቅ ሁሉ፣ የጨው ዳርቻ ምን እንደሚመስል በዓይናችን የምናየው እዚህ ነው። በመንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ይታያል።

ልኩ ይህ ነው፦ በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለስ። በሐይቁ ዳር ጥላ የለም። የጨው ጠርዙ እግር ስለሚቆርጥ ጫማ አይወለቅም። ከመጠጥ ውሃው ሌላ፣ ከሐይቁ ሲወጡ ገላ ማለቅለቂያ የሚሆን አንድ ጀሪካን ውሃ መያዝ ያስፈልጋል።

አቤ ሐይቅ። መንገድ ለለመዱና ሌሊቱን ለማደር ለሚችሉ፣ በበጋው ወራት ብቻ። ከዲኪል አልፎ በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ይገኛል። ከመሬት የወጡ፣ ጭስ ማውጫ የሚመስሉ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉት፤ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ለእኛ ግን ሌላም ትርጉም አለው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ የሚነሣው የአዋሽ ወንዝ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚያልቀው እዚህ ነው። ባሕር አይገባም፤ በረሃው ውስጥ ይቀራል። በጂኦግራፊ ደብተር ላይ የሳልነው ወንዝ መጨረሻው የት እንደሆነ ለማየት የሚፈልግ ይህን ቦታ ይይ። የሐይቁ ዳር ጭቃ ሰው ስለሚያሰምጥ ያለ አካባቢው መሪ አይኬድም።

የደይ ደን። ተራራ መውጣት ለሚወዱ። ከታጁራ ባሻገር በጎዳ ተራሮች ላይ፣ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ የቀረ የጽድ ደን ነው። ከጽዶቹ ብዙዎቹ ደርቀዋል። በዓለም ላይ በጅቡቲ ብቻ የምትኖር አንዲት የቆቅ ዝርያ መጠጊያዋ ይህ ደን ነው፤ ዝርያዋም ለመጥፋት ተቃርባለች። እዚያ የሚሄድ እሳት አያንድድ፣ ቅርንጫፍ አይስበር።

ድሬዳዋ በባቡር። በክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት ለሚወጡ። የድሮው የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር። የድሬዳዋ ከተማም የተቆረቆረችው በዚያው ባቡር ምክንያት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሲሆን፣ በጅቡቲ በኩል መነሻው የነጋድ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከከተማው መሃል ራቅ ስለሚል ጊዜ ይዞ መነሣት፣ የጉዞውንም ቀን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። ልጆችን በመስኮት በኩል ማስቀመጥ አይረሳ፤ የመሬቱን አነሣሥ ከመጽሐፍ ይልቅ መስኮቱ ያስተምራል።

በቤት የሚዘጋጁ መጠጦች

ለጠማው ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ንጹሕ ውሃ ነው። የጅቡቲ የከርሰ ምድር ውሃ ጨው ጨው ይላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ አካባቢ በረጅም ቧንቧ የሚመጣ ውሃም ወደ አገሪቱ ይገባል። ለምንጠቁማቸው መጠጦች ሁሉ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውሃ ይሁን። ጨው ጨው የሚል ውሃ የሱፍንም የማርንም ጣዕም ያበላሻል።

የሱፍ ውሃ። ለጿሚዎችና ወተት ለማይስማማቸው ልጆች። ሱፉ ተለቅሞና ታጥቦ ጥቂት ይፈላል፤ ከዚያም በእንጨት ሙቀጫ ይወቀጣል ወይም በመፍጫ ይፈጫል። ለአንድ ብርጭቆ ሱፍ አምስት ብርጭቆ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ በመበጥበጥ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ወተት የመሰለው ነጭ ውሃ እሱ ነው። ማር ወይም ስኳር በጥቂቱ ይገባበታል። በዚህ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ ግማሽ ቀን እንኳ ማሳደር አይገባም፤ ቶሎ ይበላሻል።

የተልባ ውሃ። ሆድ ለሚደርቅባቸው። ተልባው በለሰለሰ እሳት ይቆላል፤ ሲንጣጣ ይወርዳል። ተፈጭቶ ለአንድ ሊትር ውሃ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጥቂት ሲቆይ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ተጠልሎ በማር ይጠጣል። ልኩ በቀን አንድ ብርጭቆ ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ ሆድን ያሯሩጣል።

በሶ። ለተማሪና ለሠራተኛ። ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጀው ዱቄት ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ስንቅ ነበር። በግማሽ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ጥቂት ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምሮ በክዳን ጠርሙስ መናጥ ነው። ጥማትን ብቻ ሳይሆን ረሃብንም ያስታግሳል። ጠዋት ቁርስ አልበላም ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ሁመር። ለሁሉም፣ በተለይም ለጾም መፍቻ። የሐረርና የድሬዳዋ ልጆች የሚኮሩበት መጠጥ ነው። አንድ እፍኝ ሁመር በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ በእጅ ታሽቶ ፍሬውና ጭረቱ ይጠለላል፤ ስኳር ተጨምሮ ይቀዘቅዛል። በረመዳን በብዙ ቤት ማዕድ ላይ አይጠፋም። ኮምጣጣ ስለሆነ ጨጓራ ለሚያማቸው ይቅጠን።

ካርካዴ። ቀዩ አበባ ታጥቦ በቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሳይፈላ የተዘጋጀው ቀለሙ ይደምቃል፣ ጣዕሙም አይመርም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያዘውትሩት፤ ግፊት የመቀነስ ጠባይ አለው።

ብርዝ። ለበዓል። አንድ እጅ ማር በአራት ወይም በአምስት እጅ ውሃ ይበረዛል። እዚህ ላይ ሙቀቱ የሚሠራውን እንመልከት። ንጹሕ ማር ዓመታት የሚቆየው በውስጡ ያለው ውሃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ እርሾ በዚያ ውስጥ መሥራት አይችልም። ውሃ ሲጨመርበት ግን እርሾው ይነቃል፣ ጣፋጩንም ወደ አልኮል መለወጥ ይጀምራል። ሙቀት ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ለልጆች የሚሰጥ ብርዝ የዕለቱ ይሁን፤ ያደረው ወደ ጠጅነት ጉዞ ጀምሯል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በምንም መልክ አይሰጥም።

ቀሪቦ። ለአዋቂዎችና ለግብዣ። ጠቆር እስኪል ከተቆላ ገብስ ይዘጋጃል። ገብሱ በፈላ ውሃ ይዘፈዘፍና ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይገባበታል። በደጋ አንድ ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ የሚቆየው፣ በጅቡቲ የበጋ ምሽት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃዋል፤ በሐምሌ ከዚያም ያነሰ። ከዚያ በኋላ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላ፣ ክዳኑም አይጥበቅ። እርሾው የሚያወጣው አየር መውጫ ካጣ መስታወቱን ይሰብራል። ጥቂትም ቢሆን አልኮል ሊኖረው ስለሚችል ለትናንሽ ልጆች አንጠቁመውም።

የስኳርና የጨው ውሃ። ይህ ለመዝናኛ አይደለም፤ ማንኛውም ቤት ሊያውቀው የሚገባ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ለያዘው ልጅ ከሁሉ የሚሻለው ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ነው። እሱ እስኪገኝ ድረስ ግን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ማንኪያው ያልተከመረ፣ በአፉ ልክ የተስተካከለ ይሁን። ጨው ከልኩ ከበለጠ ልጁን ይጎዳል። በትንሽ በትንሹ እየሰጡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ካለው ሁሉ አንድ መስመር ብቻ በቃል የሚይዝ ሰው ቢኖር፣ ይህን ይያዝ።

ጥቆማ አደራ ነው

አንድ ሰው «እዚያ ሂድ፣ ይህን ጠጣ» ሲለን የሚያበድረን የራሱን ስም ነው። ምክሩ ካልሠራ የሚጎዳው ሰሚው ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ መካከል ያለው መተማመንም ይጎዳል። ስለዚህ ያልቀመስነውን «ጥሩ ነው ይባላል» እያልን አንጠቁም። የቀመስነውንም ለሁሉ ሰው ልክ እንደሆነ አድርገን አንናገር። ዘመድ ስለሆነ ብቻ የምናሞግሰው ሱቅ ለዘመዳችንም አይጠቅመውም፤ ደንበኛው አንድ ቀን መጥቶ ሁለተኛ አይመለስም። ቅሬታ ካለንም መጀመሪያ ለባለቤቱ በአክብሮት መንገር ይቅደም። ብዙ ጊዜ እዚያው ይስተካከላል።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ እንሰጣለን። የአያቶቻችሁንና የእናቶቻችሁን የመጠጥ አዘገጃጀት ስትጽፉ «እርሾ ጣል አድርጎ ማሳደር» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። የት አገር ነው ያሳደሩት? በየትኛው ወር? በምን ዕቃ? ብላችሁ ጠይቁ። እናቶቻችን እነዚህን ነገሮች ያውቋቸዋል፤ የማይናገሩት እነሱ ባሉበት ቦታ ሁሉም ስለሚያውቃቸው ነው። እኛ ግን ሌላ ቦታ ነን። ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የምንዘዋወር ሕዝብ ስለሆንን፣ አብሯቸው ያልተነገረው ነገር በጽሑፍ ካልሰፈረ ከአንድ ትውልድ በላይ አይሻገርም።

ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ያለውን ገጽ ባዶ ትተነዋል። በሦስት ዓምድ ከፍለነዋል፤ በላያቸውም ለማን፣ መቼ፣ በምን ልክ የሚል ተጽፏል። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ ጥቆማ ሞልቶ እስከ መስከረም ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ቢያስረክብ፣ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ለሚመጡት ቤተሰቦች በምዝገባ ቀን አባዝተን እንሰጣቸዋለን።